ፀጉሬ ዞማም አይደለም፣ ከርዳዳም አይደለም

«ስሜ ይቅር። 27 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ፀጉሬ ገና ከሻወር ስወጣ ተጠማዞ ሲወርድ ብታይው ትወጂዋለሽ። ሲደርቅ ግን ያብዳል። ይነፋል፣ ይቆማል። ሃይስኩል ከገባሁ ጀምሮ መፍትሔዬ ፒያስትራ ነው። አሁን ከፊት ያለው ውሃ ቢነካውም ቀጥ እንዳለ ይቀራል፤ የሚጠቀለለው ከኋላ ያለው ብቻ ነው። ቲክቶክ ላይ ያየሁትን ቅባት ሁሉ ገዝቻለሁ። ስቀባው ከራሴ ላይ ይለጠፍና ወር ሙሉ ያልታጠብኩ ያስመስለኛል። እማዬ ‹ቅቤ ተቀቢ፣ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው› ትላለች። ፀጉር ቤት ያለችው ልጅ ደግሞ ‹ኬራቲን ልሥራሽና ተገላገይ› አለችኝ። ጥር ላይ የታላቅ እህቴ ሰርግ ነው፣ ሚዜ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ፒያስትራ ሳልነካ፣ በራሴ ፀጉር፣ ጨብራራ ሳልባል መሄድ እችላለሁ?»

ትችያለሽ። ከሰርጉ በፊትም ትችያለሽ፣ ግን ዛሬውኑ መጀመር አለብሽ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። አንዱ ፀጉርሽ በተፈጥሮው የሆነው ነው። ሁለተኛው ፒያስትራው ያደረሰበት ነው። ሦስተኛውን አንቺ ራስሽ አልጠቀስሽውም፤ የድሬ ውሃ ነው። ሦስቱንም በአንድ ጠርሙስ ቅባት ልታክሚ ስትሞክሪ ነው ገንዘብሽ ያለቀው።

ከተፈጥሮው እንነሳ። የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር በ1990ዎቹ ያወጣው አከፋፈል አለ፤ ዛሬ በየሻምፖው ጠርሙስ ላይ የምታይው እሱን ነው። 1 ቀጥ ያለ፣ 2 ሞገዳማ፣ 3 ጥቅልል፣ 4 ከርዳዳ። እንደነገርሽኝ ከሆነ ያንቺ 2 ነው፣ ምናልባትም ወደ 3 የተጠጋ። ቁጥሩን ብዙ አትጨነቂበት። የሚጠቅምሽ ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቲክቶክ ላይ የምታያት ልጅ ፀጉሯ 4 ከሆነ፣ የእሷ ቅባት ላንቺ አይሆንም።

ለምን አይሆንም? ከራስ ቆዳችን የሚወጣው ወዝ በፀጉሩ ላይ ወደ ታች ይወርዳል። በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ላይ መውረጃው ጠመዝማዛ ስለሆነ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፀጉር ይደርቃል፤ ወፍራም ቅባት፣ የጉሎ ዘይት፣ ቅቤ ይወዳል። ያንቺ ላይ ግን ወዙ ብዙም ሳይቸገር ይወርዳል። በዚያ ላይ ሌላ ወፍራም ነገር ስትጨምሪበት ሞገዱ ክብደቱን አይችልም፤ ይዘረጋል፣ ይተኛል። «ከራሴ ላይ ይለጠፋል» ያልሽው ይኼ ነው። የቅባቱ ጥፋት አይደለም። ለሌላ ሰው ፀጉር የተሠራ ነው።

እና ሲደርቅ ለምን ይነፋል? ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ውሃ ሲገባው በውስጡ ያሉት ደካማ ማሰሪያዎች ይላላሉ። ሲደርቅ መልሰው ይያያዛሉ፤ የሚያያዙትም ፀጉሩ በዚያ ሰዓት በያዘው ቅርፅ ነው። እናቶቻችን እርጥብ ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው ካስክ ስር የሚቀመጡት ለሌላ አይደለም። ያንቺ ፀጉር ቢጎዲን ሳያስፈልገው በራሱ ይጠማዘዛል። ግን እስኪደርቅ ድረስ የሚተወው ሰው ይፈልጋል።

አንቺ በዚያ ሰዓት ምን እንደምታደርጊ ልገምት። በፎጣ ታሺዋለሽ። ከዚያ ታበጥሪዋለሽ። ግማሽ ሲደርቅ መስታወት ፊት ቆመሽ በጣትሽ ትፈታቺዋለሽ። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ «ይኼማ አልሆነም» ብለሽ እንደገና ታበጥሪዋለሽ። አንድ ላይ ተሰብስቦ ሞገድ የሠራውን ክምር ማበጠሪያው አንድ በአንድ ይበታትነዋል፤ የተበታተነው ሁሉ በየፊናው ይቆማል። ጨብራራ የምትባይው ያኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደረቅ ፀጉርሽን ማበጠሪያ አይንካው። ይኼን ብቻ ብትሰሚኝ እንኳ ግማሹ ችግርሽ ያልቃል።

አሁን ወደ ውሃው። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ። ያው ነገር በየታጠብሽ ቁጥር ፀጉርሽ ላይም ትንሽ ትንሽ ይቀራል። ፀጉሩ ይሻክራል፣ ይደርቃል፣ ወዙን ያጣል። በሳሙና ከታጠብሽ ደግሞ ይብሳል፤ ሳሙናና እንዲህ ያለ ውሃ ሲገናኙ የሚሠሩት ዝቃጭ ፀጉር ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ሳሙና ተዪ፣ በሻምፖ ታጠቢ።

ከሻምፖው በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠሽ ፀጉርሽ ላይ አፍሺው፤ ትንሽ ቆይተሽ ታጠቢው። በሳምንት ቢበዛ አንዴ። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል፣ አትፍሪ፣ ማንም ሰላጣ ሰላጣ ሸተትሽ አይልሽም። ያልተበጠበጠ አቼቶ ግን እንዳትሞክሪ፣ ቆዳሽን ያቃጥላል። ገበያ ላይ ደግሞ «ክላሪፋይንግ» ወይም «ቺሌቲንግ» የሚል ሻምፖ ካገኘሽ በወር አንዴ ተጠቀሚበት። ቺሌቲንግ የተባለው በተለይ ለእንዲህ ያለ ውሃ የተሠራ ነው፤ ከጀርባው ላይ ኢዲቲኤ (EDTA) የሚል ታያለሽ፣ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ይዞ የሚያወጣው ኬሚካል ነው።

የመታጠቢያውን ቀን ደረጃ በደረጃ ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሻምፖ ለራስ ቆዳ ነው፣ ለጫፍ አይደለም። በጣትሽ ጫፍ ራስሽን እሺ፣ ጥፍር አታስገቢ። አረፋው ወደ ታች ሲወርድ ጫፉን ያጥበዋል፣ ይበቃዋል። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ። ከዚያ አቼቶው ካለ አቼቶው። ቀጥሎ ኮንዲሽነር፤ እሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ከጆሮ በታች ብቻ። ፀጉርሽን የምትፈቺው አሁን ነው፣ ኮንዲሽነሩ ሳይታጠብ፣ ውሃው እየወረደ። መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ። በጣትሽ መሀል ተጠቅልሎ የሚቀረውን ፀጉር አይተሽ አትደንግጪ። ማንኛውም ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍለታል፤ በየቀኑ የማያበጥር ሰው ደግሞ የተጠራቀመውን በአንድ ቀን ያየዋል።

ከሻወር ስትወጪ ፎጣውን እዚያው ተዪው። አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ያዢ። አትሺ፤ ጎንበስ በይና ፀጉርሽን ከጫፍ ወደ ላይ በካናቴራው ጨበጥ ለቀቅ አድርጊው። ውሃ መንጠባጠቡን ካቆመ በቂ ነው፣ እርጥብ መሆን አለበት።

አሁን ጄል። ውድ ነገር አትግዢ፣ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ አለልሽ። ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ ጣጂ። አትፍጪው፣ እንዳለ ነው የሚገባው። እያማሰልሽ ሰባት ስምንት ደቂቃ አፍይው። ውሃው ወፍሮ እንደ እንቁላል ነጭ መዝለግለግ ሲጀምር አውርጂ። ሳይቀዘቅዝ አጥልይው፤ ከቀዘቀዘ ከፍሬው አይለይልሽም፣ ያኔ ወንፊቱን ትረግሚዋለሽ። በአሮጌ ስቶኪንግ ማጥለል ይቀላል። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ሽታው ከተለወጠ ድፊው።

ጎንበስ እንዳልሽ ከጄሉ በሁለት መዳፍሽ ቀባ ቀባ አድርጊና መጀመሪያ በፀጉርሽ ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራቺ። ከዚያ ጫፉን በመዳፍሽ ይዘሽ ወደ ራስሽ አምጪና ጨብጪ። ልቀቂ። እንደገና ጨብጪ። «ጭቅ ጭቅ» የሚል ድምፅ ካልሰማሽ ወይ ውሃው አንሷል ወይ ጄሉ፤ እጅሽን አርጥበሽ ድገሚ። ዙሪያውን ሁሉ እንዲህ አድርጊ። ቀና በይ። እጅሽን ታጠቢ። ከዚያ በኋላ እስኪደርቅ ድረስ ፀጉርሽ ያንቺ አይደለም፣ አትንኪው።

ሲደርቅ ደግሞ ትደነግጫለሽ። ይጠጥራል፣ ፓስታ ነገር ይሆናል። ብዙዎቹ እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጠው ተመልሰው ይታጠባሉ። አትታጠቢ! ጄሉ የሠራው ቅርፊት ነው፣ ሞገዱን ይዞ ያደረቀውም እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ መድረቁን ካረጋገጥሽ በኋላ በደረቅ መዳፍሽ ያንኑ ጨበጥ ለቀቅ ድገሚ። ቅርፊቱ ይሰባበርና ከስሩ ለስላሳው ይወጣል። ትንሽ ነጭ ብናኝ ካየሽ ጄሉ በዝቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ቀንሺ።

ለማድረቅ የድሬ ሙቀት ራሱ ይበቃል። ከቸኮልሽ ማድረቂያው አፍ ላይ የሚገጠም ሰፊና ብዙ ቀዳዳ ያለው ዲፊውዘር አለ፤ በዝቅተኛ ሙቀት። ካስክም ይሆናል፣ አየሩ በዝግታ ከላይ ስለሚመጣ ፀጉሩን አይበታትነውም። (አዲስ አበባ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፦ በክረምት ጭጋግና በባሕር ዳርቻ ወበቅ ፀጉሩ ከአየሩ እርጥበት ስቦ እንደገና ይላላል። ጄሉን ጠንከር አድርጉት፣ ቅርፊቱንም ከቤት ከወጣችሁ በኋላ ሰብሩት።)

ማታ ማታ ፀጉርሽን ከአናትሽ ላይ ሰብስበሽ ላላ ባለ ላስቲክ ያዢውና በሳቲን ሻሽ እሰሪው። የጥጥ ትራስ እየፈተገ ያነፋዋል። ጠዋት ፈትተሽ እጅሽን በውሃ አርጥበሽ ጨብጥ ጨብጥ ብታደርጊው ይመለስልሻል።

ከፊት ስላለው ግን እውነቱን ልንገርሽ። የሞተ ነው። ብዙ ሙቀት ያገኘ ኬራቲን አንዴ ከተለወጠ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ እንቁላል አንዴ ከተቀቀለ በኋላ ጥሬ እንደማይሆነው ነው። «ያድሳል» እየተባለ የሚሸጥልሽ ትሪትመንት ለጊዜው ያለሰልሰዋል፣ ቅርፁን ግን አይመልሰውም። ከስር የሚበቅለው አዲሱ ፀጉር ሞገዱን ይዞ ይመጣል፤ ፀጉር በወር በአማካይ አንድ ሴንቲ ሜትር ከሩብ ያህል ያድጋል። ከፊት ለፊት እስከ አገጭ ለመድረስ ከዓመት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ አሁን ጫፉን ትንሽ አስቆርጪ፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ እየቀነስሽ ሂጂ። አንዴ ላጭተሽ ከሰርጉ በፊት ማልቀስ አያስፈልግም።

ፒያስትራውን ሙሉ በሙሉ ትጥያለሽ ብዬ አላስብም፣ ሰው ነሽ። ካነሳሽው ግን ፀጉርሽ ፍጹም ደረቅ ይሁን። እርጥብ ፀጉር ላይ «ጭስስ» ሲል ውስጡ ያለው ውሃ እየፈላ ፀጉሩን ከውስጥ እያፈነዳው ነው። ሙቀቱን ከ180 ዲግሪ በታች አድርጊ፣ አንድ ቦታ ላይ አንዴ ብቻ አሳልፊ። ዲግሪ የማያሳይ ፒያስትራ ካለሽ ለማንም አትስጪው፣ ጣይው።

ኬራቲኑን አታሠሪ። ስሙ አያታልልሽ። ፀጉርሽ በተሠራበት ፕሮቲን ስም ይጠራ እንጂ ሥራው ማቅናት ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ማቅኛዎች ፒያስትራ ሲነካቸው ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። አይን የሚያስለቅሰው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። አንቺ በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው የምትተነፍሽው፤ ያቺ ልጅ ግን በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ትውላለች። ለእሷም ንገሪያት። ደግሞስ ከሁሉ በፊት፣ አንቺ የጠየቅሽኝ በራስሽ ሞገድ ሰርግ ስለመሄድ ነው። ኬራቲን ይኼንኑ ሞገድ ለወራት ያጠፋልሻል።

የእናትሽ ቅቤስ? ቅቤን ከንቱ ነው የምል ሰው አይደለሁም። ለደረቀ የራስ ቆዳ፣ ለሹሩባ፣ በጣም ለተጠቀለለ ፀጉር እሷ እንዳለችው ነው። ያንቺ ላይ የሚያስቸግረው ተቀብተሽው መዋልሽ ነው። ስለዚህ ከመታጠብሽ በፊት ባለው ማታ፣ ለጋ ቅቤ፣ ትንሽ፣ ከጆሮ በታች ባለው ላይ እሷው ትቀባሽ። ሻሽ አስረሽ እደሪ፣ ጠዋት በሻምፖ ሁለቴ ታጠቢው። ጫፍሽ ይለሰልሳል፣ ቀን ላይ አይከብድሽም፣ እሷም «ሰማችኝ» ትላለች። የፀጉር ምክር ከእናት ጋር ሲሆን ግማሹ ፀጉር፣ ግማሹ ፍቅር ነው፤ ባትከራከሪ ይሻላል። «ያልተበጠረ ይመስላል» ካለችሽ ግን ያሳቀቃት የተበታተነው ፀጉር ይመስለኛል፤ የተሰበሰበውን ሞገድ ስታይ ዝም ትላለች።

እንግዲህ ሰርጉ። መጀመሪያ ከአሁኑ ቢያንስ አራት አምስት ሳምንት ከላይ እንደነገርኩሽ እየታጠብሽ ቆዪ። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ላይሆን ይችላል፤ የተጠራቀመው ቅባትና የውሃው ዝቃጭ እስኪለቅ ጊዜ ይወስዳል። ለሰርጉ ቀን አዲስ ነገር አትሞክሪ፣ አዲስ ሻምፖ እንኳ።

ከዋዜማው በፊት የሚዜነቱን ፀጉር አንዴ ሙሉውን ሠርተሽ ተለማመጂው፣ ፎቶም ተነሺ። ቤት ውስጥ ያማረ ፀጉር ፎቶ ላይ ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በሚቀጥለው ጄሉን ወደ ሥሩ አታስጠጊው ማለት ነው።

የምትታጠቢው ከሰርጉ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት ነው። የሰርጉ ጠዋት አይሆንም፤ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ውሃም ሊጠፋ ይችላል፣ እርጥብ ፀጉር ይዘሽ ሙሽራ ልታጅቢ ነው? ከዋዜማው ሁለት ሊትር ያህል ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፤ ነጩ ነገር ስሩ ሲቀር ከላይ ያለውን ቅጂና የመጨረሻውን መታጠቢያ በእሱ አድርጊው። ልዩነቱን በእጅሽ ታውቂዋለሽ።

ከፊት ላለው ቀጥ ያለ ፀጉር ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ጄሉን ከቀባሽ በኋላ እርጥብ እያለ የፊቱን በቢጎዲን ጠቅልለሽ ማድረቅ ነው። የቀኑን ግማሽ ይቆይልሻል፣ ከዚያ መላላቱ አይቀርም። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፦ የፊቱን በቀጫጭን ሹሩባ ወደ ኋላ አሠሪው፣ የኋላውን ሞገድ ልቀቂው። የተቃጠለው ሹሩባው ውስጥ ይደበቃል፣ የቀረው ሁሉ ያንቺ ነው። ሹሩባው ሞገዱን ሳይነካ ከዋዜማው መሠራት ይችላል። በሚዜነቱ ቀሚስም፣ በመልሱ ቀን በሀበሻ ቀሚስም ያምራል። ግንባርሽ ላይ እንዳይወጠር ግን ሠሪዋን አስጠንቅቂያት። ሲሠራ ካመመሽ ጠብቋል ማለት ነው፤ «ውበት ያማል» የሚሉሽን አትስሚ፣ የግንባር ፀጉር የሚሳሳው በዚህ ነው።

ፀጉር ቤት የምትሄጂ ከሆነ ተልባሽን በጠርሙስ ይዘሽ ሂጂና ገና ሳትቀመጪ ንገሪያቸው፦ «ካስክ እንጂ ፎን አልፈልግም፣ ከደረቀ በኋላ ማበጠሪያ አይነካኝም»። ይስቁብሻል። ይሳቁ። ሌሎቹ ሚዜዎች ሁሉም ፒያስትራ ካደረጉና ፎቶግራፍ አንሺው «አንድ ዓይነት ይሁኑ» ካለ፣ የሰርጉ ባለቤት እህትሽ ናት፤ ሳምንቱ ሳይደርስ ዛሬ ደውይላትና ጠይቂያት።